ከሁለት መቶ አንዴ

ኅዳር 14

ሊፍቱ ትናንት እንደገና ቆመ።

የልጄ እናት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እናትሽን ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ጩጬዋስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? እኔ ደህና ነኝ፤ ይህም ደህና ከተባለ። የምጽፍልሽ መለዋወጫ ሱቅ ተቀምጬ ነው። የሊፍቱን በር የምታንሸራትተውን ትንሽ ጎማ ልገዛ መጥቼ «ከመጋዘን እስኪመጣ ጠብቅ» ተብያለሁ።

ትናንት የቆመው ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሀል ነው። ውስጥ የነበረችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሮጬ ስደርስ ወጥታ ከዘበኛው ጋር ትስቃለች።

«ማን አወጣሽ?» አልኳት።

«ዘበኛው ነዋ! አንተን ብጠብቅ እዚያው አረጅ ነበር።»

«ከዚህ በፊትም ቆሞብሽ ያውቃል?»

«እንዴ! በሳምንት አንዴ መቼ ቀርቶብኝ።»

ዘበኛው ወደ እኔ ዞረ። «አንተን የምንጠራህ እኔን ሲያቅተኝ ብቻ ነው፣ ቴክኒሻን።»

ደብተሬን ታውቂዋለሽ፤ ሊፍቱ የቆመበትን ቀን የምጽፍበትን። እናትሽ ሊፍቱ ውስጥ የተዘጉ ቀን፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ሊወጡ ሲሉ «ከሁለት መቶ ምልልስ አንዴ ቢቆም ነው፣ እማማ፤ ይግቡ» ያልኳቸው እሱን አምኜ ነው። «ሣጥን ውስጥ ልቤ ይጠብባል፣ ቀስ እያልኩ ልውጣ» ብለውኝ ነበር። ሳቅሁባቸው። እሳቸውም አፍረው ገቡ።

ደብተሩ ላይ ያለው የተጠራሁበት ቀን ብቻ ነው። ያልተጠራሁበትን ሁሉ ደህና እንደዋለ ቆጠርኩት። ትናንት ከሰዓት ፎቅ በፎቅ እያንኳኳሁ ጠየቅሁ። ስደምረው ከሃያ ምልልስ አንዴ ነው።

አላወቅሁም ብዬ እንዳላልፍ፣ የበሩን መክፈቻ ለዘበኛው የሰጠሁት እኔው ነኝ። «ምሳዬን ስበላ አትጥራኝ፣ ራስህ ክፈት» ብዬ። እናትሽ የገቡ ዕለት እሱ ዕረፍት ወጥቷል፤ ያለን አንድ መክፈቻም ኪሱ ውስጥ ነበር። እኔ የእሱን ቤት ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ስዞር እሳቸው ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆዩ።

ሲወጡ ቀሚሳቸው ርሶ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል። ጡረተኛው መምህር «ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ «ሁለት ቁጥር ባንዴ ተጭነው ነው» አልኩ።

ይህን አንቺ አልሰማሽም። እሳቸው ግን ሰምተዋል። እጄን ይዘው «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ዕቃህን አበላሸሁብህ» አሉኝ።

እኔም «ግድ የለም» አልኳቸው።

አንቺ ተቀይመሽ ይዘሻቸው የሄድሽው ስለሳቅሁ መስሎኝ፣ ሰንብቶ ይበርድላታል እያልኩ ከረምኩ። ባለፈው እህትሽ ስትደውል ነው የነገረችኝ። ወደ ቤት እንመለስ ባልሻቸው ቁጥር «ሰው ፊት ዕቃ አበላሽቼ በየት በኩል ልግባ» ይላሉ አለችኝ። ያን ሌት ተቀን አስበዋለሁ። ምንም አልተጫኑም። አንድ ቁጥር ነው የነኩት፣ የቤታችንን ፎቅ ሰባትን፤ እሱንም እኔ አሳይቻቸው።

ዛሬ ጠዋት ሊፍቱን ከዋናው አጥፍቼ ሰው በእግሩ እንዲወጣ አድርጌያለሁ። መምህሩን ደረጃ ላይ አግኝቼው እውነቱን ነገርኩት። «ታዲያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለኝና አልፎኝ ወጣ።

እውነቱን ነው። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ልልክልሽና አንቺ እንድታነቢላቸው ነበር ሐሳቤ። በሰው አፍ የሚባል ነገር አይደለም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ። በሩን ትከፍቺልኝ እንደሆነ ግምቴን አልጽፍም፤ ካልከፈትሽ ከሥር አስገብቼው፣ ለእሳቸው ያለኝን እዚያው ደጅ ቆሜ እናገራለሁ።

እስክንገናኝ ለእናትሽ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ጩጬዋን ያሳድግልኝ፣ አንቺንም ከክፉ ይጠብቅልኝ።

የልጅሽ አባት

ባለሱቁ «ቴክኒሻን፣ ጎማህ መጣ!» ይለኛል። ወደ እናንተ የሚመጣው የምሳ ሰዓት አውቶቡስ ሊሞላ ነው። ለሌላ ሰው ይሽጠው፤ ወጣሁ።