ወገቡ ከፍ ያለ ቀሚስ

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2001
የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ክር ሁለቴ ተበጠሰ። ምሳ ላይ የጀመርኩትን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ መዝገበ ቃላት ይዤ ቀጠልኩ። አንዲት የዛሬ ዘመን ልጅ ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ መኳንንት መሃል ትወድቃለች። ጭፈራቸውን አታውቅ፣ እጅ መንሳት አታውቅ!

የእህቴ ልጅ መቲ ሽፋኑን አይታ ቀረች። ቀሚሱ ወገቡ ከጡት ሥር፣ ከዚያ እስከ መሬት ልቅ።
«ኤሱማ፣ አጎቴ፣ ይሄን ስፋልኝ።»
«ለጥር ሠርግሽ?»
«አይ፣ ለሚቀጥለው እሁድ።»
«እጮኛሽ ሞቱማ ደንግጦ ሁለት መቶ ዓመት ቢሸሽስ?»
በሜትሬ መታችኝ።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 12
ለበሰችው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነፋስ ገብቶ ሆዷ ላይ ነፋው። ኮራሁ... ከኋላዬ አንዷ፣ «ስንት ወሯ ነው?»
ምን?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14
የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኦቦ ሆርዶፋ መጡ። እኛ ዘንድ ያረገዘች ሙሽራ መድረክ ላይ አትቆምም። «የምርመራ ወረቀት ታምጣ። አለዚያ የጥር 17ቱ ሠርግ የለም።»

መቲ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። «የሥራ ባልደረቦቼ ፊት ሽንቴን ይዤ ልሰለፍ? አላደርገውም! ቃሌ አይበቃም?»

ሞቱማ ስልክ አያነሳም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15
መጽሐፉ ውስጥም ልጅቷን አሟት። እሷስ ወደ ዘመኗ ትሸሻለች። መቲ ከአምቦ ወዴት ትሸሻለች? ከሥራ መልስ በሯን ዘግታ ተቀመጠች። የሰፋሁት እኔ...

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17
ሁለተኛ ቀሚስ ሰፋሁ። ያው ቅድ፣ በዓይን ልኬት። ለሞቱማ እናት ለአዴ ፋንቱ ወሰድኩት። የመጽሐፉን ሽፋን አሳየኋቸው።
«ኦቦ ቦጂያ፣ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ!»
«ለዚያ ነው እርስዎን የመረጥኩት።»
አልሳቁም። «ይዘኸው ውጣ» አሉኝ።
ወጣሁ። ቀሚሱን ግን ወንበራቸው ላይ «ረሳሁት»።
አባስኩት ይሆን?

እሁድ፣ ታኅሣሥ 19
መቲ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ብቻዋን ተቀመጠች። አጠገቧ ባዶ ወንበር። መዝሙር ተጀመረ... አለቀ። አዴ ፋንቱ የሉም።

በሩ ተከፈተ። ለብሰውታል! ትከሻው ትንሽ ሰፍቷቸዋል። በመሃል መተላለፊያው ቀስ ብለው ሄደው መቲ አጠገብ ቁጭ። ሞቱማ ከኋላቸው፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሲያበቃ ኦቦ ሆርዶፋ አፋቸውን ከመክፈታቸው አዴ ፋንቱ ተነሡ።
«ኦቦ ሆርዶፋ፣ እኔንም ያስመርምሩኛ!»

መጀመሪያ ዘማሪዎቹ ሳቁ። ከዚያ ሁሉም። ኦቦ ሆርዶፋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ «ጥር 17 ይሁን» አሉ። ቀጥለው ለመቲ፣ ዝግ ብለው፣ «ይቅርታ፣ ልጄ።»

ሞቱማ መቲን ሊያዋራት ተጠጋ። «ስልክህ ተሠራ?» አለችው። ገና ትከፍለዋለህ፣ ወንድሜ!

መንገድ ላይ መቲን፣ «የሠርግ ቀሚስሽን ወገብ የት ላድርገው?» አልኳት።

«ከጡት ሥር» አለች።