እኩል የተቆረሰች አንቺሆዬ

ሰኞ

ቀፈፈኝ። ሌላ ቃል አጣሁለት። ያን ያህል ስቋምጥለት የከረምኩት ዘፈኔ ዛሬ አልቆ ሰማሁት። ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ፣ ከማል ስቱዲዮ ገብቼ፣ ያንን ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ደፍቼ የሰማሁት ድምፅ እንደ አዲስ የላስቲክ ጫማ ያብለጨልጫል። ሽታው ሁሉ የመጣብኝ መሰለኝ።

ዘፈኑ የእማዬ ነው። ጉልበት ሳላት በየሰርጉ እየዞረች ሙሽራ ትሸኝበት ነበር። ቅኝቱ አንቺሆዬ ነው፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ከሷ ጉሮሮ ነው የለቀምኩት። ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ሁለተኛዋ ጎምዘዝ ትላለች፤ ሰው ሲሰማት ፊቱን ቅጭም ያደርግና ወዲያው ፈገግ ይላል። የዘፈኑ ነገር ያለው እሷ ላይ ነው። ዛሬ የለችም። በቦታዋ ቀጥ ያለች፣ በኦሞ የታጠበች ድምፅ ገብታለች።

«ሁለተኛዋ የት ሄደች?» አልኩት ከማልን። ኪቦርዱን እየነካካ አስረዳኝ። አንድ ድምፅ ከታች ተነስቶ እላይ ያለው ራሱ ጋ እስኪደርስ ያለው መንገድ ኦክታቭ ይባላል። እሱ አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ይከፈላል። ከአሥራ ሁለቱ ውጪ ያለ ድምፅ ስህተት ነው፤ ኮምፒውተሩ ይዞ ወደ ቅርቡ ይጎትተዋል። ዳቦ ነው እንዴ እኩል የሚቆረሰው? ይሄን ግን በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ «ያምራል፣ እጅህ ይባረክ» ብዬ ወጣሁ። ቅዳሜ ይለቀዋል። በስሜ። የገዛ አፌም አስጠላኝ።

ማክሰኞ

ለእማዬ አሰማኋት። የማን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ምን ይነገራል፣ ታውቀዋለች ብዬ ነው። ምስር ስትለቅም ነበር። እጇን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ደስ ትላለች። ማናት ልጅቱ?» አለች።

እየቀለደችብኝ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። የምሯን ነው። ዘፈኗን አውቃዋለች፣ ልጇን አላወቀቻትም። «አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ናት» አልኩ፣ ምን ልበል።

«ከየት አገኘችው? ሰርግ ቤት ሰምታ ይሆናል። ድምጿ ንጹህ ነው። አንጀት ግን አይበላም» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ሱብሃነላህ። ዕድሜ ልኬን አንድ ቤት ኖረን! ራቴን መብላት አቃተኝ። «አሞሻል እንዴ ሩቅያ?» ትለኛለች ደግሞ።

ረቡዕ

ሆጤ ሰፈር፣ ልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ዛሬ ያስጠሉኝ ነገሮች፦ ዚፑ የተበላሸ ቀሚስ። የከማል ሳቅ። «ንጹህ» የሚባል ቃል። ሰኞ ዕለት «ያምራል» ያልኩበት አፌ፣ ዛሬም ድረስ።

እስኪበቃኝ ተናድጄ ደወልኩለት። «የወለደችኝ እናቴ አላወቀችኝም፤ አልለቅህም፣ ታስተካክለዋለህ» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ እንደገና አሰበበትና «ገባኝ፣ ገባኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። እኔም ልቤ መለስ አለ። ለካ የገባው ሌላ ነው። የወሎ ዘፈን ነው፣ የእስላም ቤት ሰርግ ነው፣ አላህና ነቢዩ ይጠሩበታል፤ ስለዚህ ድምፁም እንደ አረቦቹ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። «አሥራ ሁለቱን እያንዳንዱን ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ፤ ሃያ አራት እኩል ቦታ ይሆናል። ያንቺዋ ሁለተኛ ከአዲሶቹ አንዷ ላይ ልክክ ትላለች። አብሽሪ» አለኝ።

ይሁን አልኩ። የጨነቀው ሰው ምን የማይለው አለ።

ሐሙስ

ኮምቦልቻ ወርጄ ሰማሁት። ሃያ አራቱ ከአሥራ ሁለቱ ባሰ። እንትፍ!

ሁለተኛዋን ድምፅ በእጁ አንስቶ፣ ከኪቦርዱ ጥቁርና ነጭ ቁልፍ እኩል መሃል ላይ አስቀምጧታል። ሰኞ የታጠበች ነበረች፣ ዛሬ የታመመች ሆናለች። «የሷ ቦታ መሃል አይደለም፣ ወዳንዱ ጠጋ ትላለች» አልኩት። «ምን ያህል?» አለኝ። ምን ያህል እንደሆነ እኔ አላውቅም። «እሺ፣ ከፈለግሽ ከዚያም በላይ እሸነሽነዋለሁ፤ ሠላሳ ምናምን፣ ሃምሳ ምናምን፤ እንደዚያ የሚሠሩ አገሮችም ሰዎችም አሉ» ይላል። መቼም አይደክመው። መቆራረጥ ነው እንጂ እሷን መፈለግ የለም።

«የነካኸውን ሁሉ አንሳና ያኔ የዘፈንኩትን ጥሬውን አሰማኝ» አልኩ። አንገራገረና ከፈተልኝ።

ያው ነው። ያችው የላስቲኳ ልጅ ናት።

«አታጭበርብረኝ» አልኩት። «ወላሂ ምንም የለበትም» ብሎ ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። «እውነቱን ልንገርሽ? ያንቺን ድምፅ ሰኞም ብዙ አልነካሁትም። እዚህ ከሚመጡት ሁሉ ቀጥ ብለሽ የምትገቢው አንቺ ነሽ።» እኮ እያሞገሰኝ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ መስኮቱን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለመስደብ ሰው አጣሁ።

አርብ

ሥራ አልገባሁም። ሳወጣ ሳወርደው እንዴት እንደሆነ ገባኝ። ከማል ገና ድሮ ማጀቢያውን በኪቦርድ ሠርቶ ስልኬ ላይ ጭኖልኝ ነበር፣ «ተለማመጅበት» ብሎ። ተለማመድኩበታ። ስሰፋም፣ ገበያ ክርና ቁልፍ ልገዛ ስሄድም፣ ሚኒባስ ውስጥም፣ ከጆሮዬ አውጥቼው አላውቅም። ኪቦርዱ አይለሳለስም፤ እኔ ተለሳለስኩለት። በየቀኑ ትንሽ በትንሽ እየጎተተ ወደ ራሱ ቦታ አስገባኝ። ከማል ኮምፒውተሩን ሳይነካው ጉሮሮዬን ነካው። አሁን የሙሽራዋን ዘፈን ልዘፍን አፌን ስከፍት የሚወጣው እሱ ነው። ሌላው ቀርቶ ዕቃ እያጠብኩ ሳንጎራጉር ሰማሁትና ዕቃውን ጥዬ ተነሳሁ። የራስ ድምፅ ሲያስጠላ ወዴት ይሸሻል?

እማዬ ከጁምዓ ስትመለስ ነገርኳት። «ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።»

ነጠላዋን አጠፈች፣ ተቀመጠች፣ «እስቲ ድገሚው» አለች። ደገምኩት። በመሃል አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ፣ ጉሮሮዋን እንደታመመች ልጅ።

«አላህ ይይልሽ ሩቅያ። እኔስ ማክሰኞ ልጅቱ እናት የሌላት መስላኝ አዝኜላት ነበር» አለች።



ቅዳሜ

ጠዋት ለከማል ደወልኩ። «እንዳትለቀው» አልኩት።

ተቆጣ፤ እውነቱን ነው፣ ለፍቶበታል። «ሰው አሁን እንደዚህ ነው የሚሰማው። ያንቺን ሁለተኛ ምናምን ማን ይፈልጋል?» አለ። እኔ እፈልጋታለሁ አልኩ። «እንግዲያው ማጀቢያው የኔ ነው፤ ሌላ ልጅ አዘፍንበታለሁ። ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር የለም፣ ስቱዲዮው ወረፋ አለው» አለኝ። «አዘፍንበት» ብዬ ዘጋሁት።

ሞኝ ነኝ? እኔን የመሰሉት ሁሉ ስንት ዘፈን ለቀዋል። እኔ ዘፈንም የለኝ፣ ድምፅም የለኝ። ማጀቢያውን ከስልኬ አጠፋሁት። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ማን ያጠፋልኛል?

እሑድ

እማዬ ገና ቁርስ ሳንበላ «ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። «አውራጇ አንቺ ነሽ፣ ተቀባይዋ እኔ።»

ሰርግ ቤት አውራጇ ስትስት የኛ ሴቶች አይሰድቧትም፣ አያርሟትም። ዝም ይላሉ፣ በቃ። አይቀበሏትም። እሷም ብቻዋን በሰው መሃል ትቆማለች። ከዚያ የሚብስ ውርደት እኔ አላውቅም። ዛሬ ደርሶኝ ቀመስኩት።

አወረድኩ። ዝም። ደግሜ አወረድኩ። ዝም። እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። «ከፍ ላርጋት ዝቅ?» ብዬ ለመንኳት። «ከፍና ዝቅ እኔ አላውቅም። አንቺ ውረጂ» አለች። ያ የታጠበ ነገር እየደጋገመ ወጣ። ተነስቼ ውጪ ወጣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ተመለስኩ። እሷ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

ስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ደክሞኝ፣ ለማሳመሩም ግድ ሳይኖረኝ አንዱን አወረድኩት። ሁለተኛዋ ላይ ስደርስ የእማዬ ፊት ቅጭም አለ። ገና ስንኙን ሳልጨርስ በዚያ በተሰነጠቀ ድምጿ ተቀበለችኝ።

ቀጣዩን ሳወርድ ግን ያችው የላስቲኳ ልጅ ሆንኩ። እሷም ዝም አለች። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ።