በጋቢው ጫፍ ያለው ዱቄት

ለእታለም ንግሥቴ፣ ሁመራ

ሰላምታየ እንደ ዘንድሮ በቆሎ በዝቶ ይድረስሽ። እኛ፣ እግዜር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን።

ላሚቱ ሴት ጥጃ ወለደች። ጎተራውም ሞልቶ ተረፈ። ባሌ ስመኘው ግን ከጥቅምት ወዲህ ጅጋ ከተማ መመላለስ አብዝቶ ነበር። ጢሙን ተላጭቶ፣ ጠጉሩን አበጥሮ ይወጣና የጋቢው ጫፍ ዱቄት ነክቶት ይመለሳል። እኔ ያላስፈጨሁት ዱቄት!  ባለፈው ሳምንት እህል ላስፈጭ ብየ ተከትየው ወረድሁ። እህሉን ቤት ረስቼው ነበር የሄድሁት።

ለካ የሚውለው ትምህርት ቤት ኖሯል፣ ከጎልማሶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ! መምህርቷ «የፈለግኸውን ስም ጻፍ» ብላ ሰሌዳው ፊት አቆመችው። «ተናኜ» ብሎ የእኔን ስም ጻፈ። ዱቄት ያልሁት ጠመኔ ነው። እልል ብየ ክፍሉን በጠበጥሁት።

ይህንንም የሚጽፍልሽ እሱው ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂበት። ባለፈው በዲያቆን ይርሳው ያስጻፍሁትን ደብዳቤ ግን እሳት ውስጥ ጣይው። «ምን ብለሽ ነበር?» ብሎ እስክሪብቶውን አንሥቶ ያየኛል። ዝም ብለህ ጻፍ ብየዋለሁ።

ጥጃዋ ሳታድግ ለመተያየት ያብቃን።

እህትሽ ተናኜ፣ በስመኘው እጅ