ማክሰኞ ማክሰኞ የምትመጣው ነርስ

ይድረስ ለልጄ። ቃሉ የእኔ የአባትሽ ነው፤ ብዕሩን የያዘው ወንድምሽ ነው። እዚህ ቤት ከእሱ ሌላ ፊደል የቆጠረ የለም፤ ቢኖርም ይህን ለሌላ ሰው አላስጽፍም። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱም አርባ ዓመት ድንጋይ የተሸከመ የግንበኛ ጉልበት ስለሆነ አልፈርድበትም።

ወንድምሽ ግን ደኅና አይደለም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛቱን ታውቂያለሽ። ያስነሳችው የሰፈሩ የአእምሮ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣች አንድ ሰዓት አብራው ትቀመጣለች፤ ሲናገር ታዳምጠዋለች፣ ዝም ሲል አብራው ዝም ትላለች። ይህም ሥራ ሆኖ ነው ብዬ ስቄባት ነበር። በአምስተኛው ወር ከአልጋው ወርዶ የተሰበረውን ወንበሬን ጠገነልኝ። ከእኛ ምንም አትቀበልም፤ ለጣቢያው የሚከፍለው የሕዝብ የጤና መድን ነው። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ግን የልጄ እጮኛ ናት እል ነበር። ታዲያ ገመናዬን አደባባይ ላውጣው?

የዛሬ ወር ገደማ የመድኑ ተቆጣጣሪ መዝገብ ታቅፎ መጣ። ለጣቢያዎቹ የሚከፈለው ስለበዛ፣ ታካሚው በእርግጥ መኖሩን ቤት ለቤት እያየሁ ነው አለ። ያ ወሬ ለቃሚ ልብስ ሰፊ ደጃፌ ላይ ከጎኔ ተቀምጧል። «እዚህ ቤት ሕመምተኛ የለም፤ ልጅቷ የምትመጣው ለጋብቻ ነው» አልኩ። ተቆጣጣሪው ጻፈ፣ አውራ ጣቴንም ቀለም አስነክሮ አስፈረመኝ። ልብስ ሰፊው እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ነርሷ ባል እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና በሳምንቱ መድኑ ክፍያውን አቋርጦ ጣቢያው ተዘጋ። ላልታከመ ሰው አስከፍላችኋል ተባሉ። ወንድምሽ ማክሰኞ ሸሚዙን ቀይሮ ጠበቃት፤ አልመጣችም። በሁለተኛው ማክሰኞ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ እህልም አልቀምስ አለ።

ትናንት በገዛ ራሷ መጣች። ትቆጣኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። «አባባ፣ ሌባ አሉኝ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ለማንም ደፍቼ የማላውቀውን አንገቴን ደፋሁ።

ነገ ጠዋት በመድኑ ቢሮ ነገሩን በሰው ሁሉ ፊት ያዩታል። ቀርቤ ቃሌን ካላነሳሁ ጣቢያው እንደተዘጋ ይቀራል። ካነሳሁ ደግሞ በሐሰት ፈርመሃል ብለው ሊይዙኝ ይችላሉ፤ ይያዙኝ። የከበደኝ ሌላ ነው። ልብስ ሰፊውም እዚያ ይኖራል፣ ወሬውም አማቶችሽ ዘንድ ይደርሳል። አንቺን ስድር፣ ያኔም ሕመሙ ጀማምሮት ሳለ፣ ለእነሱም ልጄ ጤነኛ ነው ብያቸዋለሁ። ይቅር በይኝ።

ይህን ለወንድምሽ ስነግረው ከግድግዳው ዞረ። «መጀመሪያ እዚህ በለው፤ እኔ እጽፈዋለሁ» አለኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ አቆምኩ፤ ብዕሩን ይዞ ጠበቀኝ። እንግዲህ ይኸው፦ ልጄ ታሟል። የታመመው አእምሮው ነው። ነርሷ የምትመጣው ልታክመው ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ እንዲያውም ደብዳቤውን ስጪው፣ ከእኔው ይስማ። ትልቋ ትምህርቷን እንዳትተው፣ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽንም በአክብሮት እጅ ነሥቻለሁ።

ከቤታችን፣ ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን ተጻፈ።

በል አንተ ልጅ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። «ልጄ ታሟል» የምትለው ቦታ ስትደርስ ድምፅህን ዝቅ እንዳታደርግ፤ ነገ ዝቅ አድርጌ አልናገረውም።