ከመብራት ሽቦው በላይ

ይድረስ ለእታለሜ፣ ለታላቅ እህቴና ለመጀመሪያዋ አሰልጣኜ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ጸጉር ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስለምትሠሪ ያምሽ የነበረው ቀለል አለልሽ ወይስ አሁንም ከሥራ ስትገቢ እግርሽን ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ ነው የምትጋደሚው? እማዬስ? ሳሏ ለቀቃት? መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ «ተሽሎኛል» እያለች ትራስ ሥር ትደብቀዋለች? ትንሿ እህታችን ትምህርት እንዴት ይዟታል? ስለ እኔ ከጠየቅሽኝ ጉልበቴም ቁርጭምጭሚቴም ደህና ናቸው። የጠፋብኝ እጄ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ አጠገብሽ ስለማትጠፋ ነው። ገና «ሃሎ» ከማለቴ «በላህ ወይ?» ትለኛለች፤ «በላሁ» እላታለሁ፤ ወሬያችን በዚያው ያልቃል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሴትዮ የምንለማመድበት አዳራሽ ውስጥ በጽዳት የምትሠራ የአገራችን ሰው ናት። ነገ ለእረፍት ትነሳለች። እዚህ በቋንቋዬ የማወራው ከእሷ ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ስትመጣ እንደ እናት ተቀበሊልኝ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። የቅርጫት ኳስ ክለቡ እዚህ ሰው አገር ያመጣኝ ለሙከራ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የሚመጣው ቅዳሜ ጨዋታ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ ወይ ያስፈርሙኛል ወይ ሻንጣዬን ይዤ እመለሳለሁ። እማዬ ግን ማሊያ ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ሳሎን ሰቅላ፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ልጄ ተጫዋች ሆነ» ትላለች አሉ።

አሰልጣኙ መጀመሪያ ላይ ወዶኝ ነበር። ስሮጥ፣ ስዘል፣ ኳስ ስቀማ ሲያየኝ ጥርሱ አይከደንም ነበር። ከርቀት ስወረውር ግን ፊቱ ተለወጠ። የእኔ ኳስ ዝቅ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ይገባል እኮ፣ አይገባም አላልኩም! ግን እዚህ ያሉት ተከላካዮች የመብራት እንጨት ያህላሉ፤ ዝቅ ብሎ የሚመጣ ኳስ ሲያዩ እንደ ዝንብ እሽ ይሉታል። አንድ ቀን አሰልጣኙ ልምምዱን አስቆመና ሴትዮዋን ከነመወልወያዋ ጠርቶ፣ ይህ ልጅ ከላይ ማንን እንደሚፈራ ጠይቂልኝ አላት።

ምን ልበላት? ስለ ሽቦው ነገርኳት። ከአከራያችን ቤት ተነስቶ፣ በግቢያችን አልፎ ለልብስ ሰፊው መብራት የሚወስደውን ያንን የረገበ ሽቦ። ቅርጫት እንዲሆነን የበርሜሉን ቀለበት ከቸነከርሽበት ግድግዳ ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ፣ ኳስ በነካው ቁጥር የሰውየው መብራት ድርግም እንደሚል ነገርኳት። የስፌት መኪናው በሱሪ መሀል ቀጥ ሲልበት መቀሱን እንደያዘ እሳት ጎርሶ እንደሚወጣ፣ አንቺም ከእሱ ብሰሽ «ዝቅ አድርገው! ከሽቦው በታች!» እያልሽ እንደምትጮሂብኝ ሁሉ ዘረገፍኩላት። እኔ ቅርጫት ኳስ ማለት ከሽቦ በታች የሚወረወር ነገር መስሎኝ ነው ያደግሁት።

ሴትዮዋ መወልወያዋን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አሰልጣኙ ሲተረጎምለት አልሳቀም። ዕቃ ክፍል ገብቶ ገመድ አመጣና ከቅርጫቱ ፊት ለፊት ወጠረው። ከዚህ በላይ አሳልፍ አለኝ። እታለሜ፣ እውነቴን ነው፣ ያንን ገመድ ሳይ እጄ የእኔ መሆኑ ቀረ። ኳሱን ከገመዱ በታች አሹልኬ ላክሁት። ገባ። ደግሜ ወረወርኩ፤ አሁንም በታች፣ አሁንም ገባ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አብሮኝ የሚያድረው፣ እንደ እኔ ከሌላ አገር ለሙከራ የመጣው ግዙፍ ልጅ፣ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔም ለይምሰል አብሬ ሳቅሁ። አሰልጣኙ ገመዱን ፈትቶ እየጠቀለለ ሄደ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከፍ አድርጌ ልወረውር ስታገል የዱሮውም ጠፋኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የማገባው ኳስ ዛሬ ብረቱን እንኳ አይነካም። አሮጌው ሄዷል፣ አዲሱ አልመጣም፤ እኔ መሀል ላይ ባዶ እጄን ቀርቻለሁ። ባለፈው ጨዋታ ሊያበቃ ሲል አስገባኝ። ኳሱ መጣልኝ፤ አጠገቤ ማንም የለም። ቀና ስል የጣሪያው መብራቶች ታዩኝ፤ አንድ ሰው መቀስ ይዞ የሚወጣብኝ ይመስል ክንዴ ደርቆ ቀረ። ነጠቁኝ። አሰልጣኙ በጣቱ ጠርቶ አስቀመጠኝ። ፎጣ አናቴ ላይ ጣል አድርጌ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አለቀስኩ። እንባ ከላብ አይለይምና ማንም አላወቀብኝም።

እንደው ምን ይዋጠኝ? አልጋዬ አጥሮኝ እግሬ ወንበር ላይ ያድራል። ከእኔ በፊት እዚሁ አልጋ ላይ ይተኛ የነበረው ልጅ ሳይፈርም ተመልሷል፤ ነጠላ ጫማው አሁንም አልጋው ሥር አለ። ማንም አላነሳው፤ እኔም ሟርት እየመሰለኝ ልነካው አልደፈርኩም። ተመለስ፣ ቤትህ ነው እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ግን ምን ይዤ ልመለስ? መጫወቻ ጫማሽን አጥበሽ ስትሰጪኝ «እኔ ጨርሻለሁ፣ አንተ ሩጥበት» ያልሽኝን አልረሳሁም። ጠቦኝ ጣቴን ሲልጠኝ እንኳ አላወለቅሁትም ነበር። አሁን ግን አቅቶኛል እታለሜ። በቃ፣ አቅቶኛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ በሞቴ፣ እንደ ዕብድ አትይኝ። አሮጌው ኳስ ከቁም ሳጥኑ ላይ አለ፤ ንፊውና ግቢ ውጪ። እኔ እቆምበት የነበረው ድንጋይ ላይ ቁሚ። ከሽቦው በላይ ወርውሪ። ሽቦውን ቢመታውም ደግመሽ ወርውሪ፣ እስኪያልፍ ድረስ። ምናልባት ሽቦው ተነስቶም ይሆናል፤ እጄ ግን አልሰማም። ተነስቶም ከሆነ ከነበረበት ቦታ በላይ አሳልፊው። ከዚያ ከቅዳሜ በፊት ደውዪልኝ። እማዬ አጠገብሽ ብትሆንም ግድ የለም፤ «አለፈ» ብቻ በዪኝ። ዝቅ አድርገው ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ከፍ አድርገው የሚል ቃልም ካንቺ አፍ ካልወጣ ይህ እጅ ማንንም አይሰማም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ በልቻለሁ በያት። ትንሿን እህታችንን ጉንጯን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ፤ ማሊያዬን ለብሳ እንዳትተኛበት። አከራያችንን ከነልጆቻቸው ሰላም በዪልኝ። ለልብስ ሰፊውም ሰላምታዬን አድርሺ፤ በዚህ ሰሞን መብራቱ ድርግም ቢልበት መቀሱን አስቀምጦ ትንሽ ይታገሠኝ በይው። እኔ ልጅነቴን በሙሉ መብራቱን ስጠብቅለት ኖሬያለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከአዳራሹ ጀርባ ካለው የተጫዋቾች ማደሪያ
እሑድ፣ ጥር 17 ቀን