በእንቅልፍህ ደቦ ስትመራ

ዓለሜ ደምሴ፣

ከተለያየን ሰባት ወር አለፈ። በመሠረተ ትምህርት በለቀምሁት ፊደል ነውና የምጽፍልህ፣ እንደ ዱሮህ እንዳትስቅብኝ።

እኛ ደኅና ነን። ገሳይ ያለውን ማሳችንን ለእኩል አራሽ ሰጥተን፣ እኔ ደብረ ታቦር ልጃችን ሰብለ ዘንድ ገብቻለሁ። ከቤሩት ተመልሳ የከፈተችው ሱቅ በርትቶላታል። ሰፊ አልጋም ገዝታልኛለች። አሁን ጎኔን የሚደቁሰኝ ሰው የለም፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል።

ሕመሙ በጀመረህ ሰሞን በእንቅልፍህ ዝንጀሮ ከገብሱ ታባርር ነበር። ዝንጀሮዋ እኔ ነበርሁ። ዓይኔ በልዞ ገበያ ብወጣ፣ ደምሴ ሚስቱን ይመታል ተባለና ሽማግሌ ተቀመጠብህ። ሕልም እያየሁ ነው ብትል ማን ይመንህ? ቀን በሬ እንኳ የማትመታ ሰው፣ በሆዴ ክፋት ተደብቆ ይሆን ብለህ ራስህን ፈራህ። ጠበልም ገባህ። በኋላማ እጄን በጠፍር ከአልጋው ጋር እሰሪልኝ አልኸኝ፤ እያለቀስሁ አሰርሁህ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት የወሰደችን ሰብለ ናት። በራስህ፣ በአገጭህ፣ በእግርህ ሽቦ ለጥፈው አስተኙህ፤ በካሜራም ሲቀርጹህ አደሩ። ጧት ሐኪሟ እያሳየች ያስረዳችን ከልቤ አልወጣም። ሰው ሲያልም ዓይኑ ከቆቡ ሥር ይሮጣል፤ ጡንቻው ግን ይዝላል፣ ተነሥቶ ሕልሙን እንዳይከተል። ያንተ አገጭ ዝም ማለት በነበረበት ሰዓት በመሣሪያው ላይ መስመሩ ይዘል ነበር። ልጓሙ ነው የላላው፣ ክፋት አይደለም አለችን። አንተ አቀርቅረህ እንባህን ጠረግህ። እኔ ደግሞ ነገሩ አፌን አስያዘኝ። ለካ ስልሳ ዓመት ሙሉ ባለምሁ ቁጥር ስታሰርና ስፈታ ኖሬአለሁ፣ አንድም ቀን ሳይታወቀኝ። የእግዜር ሥራ ረቂቅ ነው።

ይህ የሌላ ሕመም ቀዳሚ ምልክት ሊሆን ይችላል ብላንም ነበር። የወጥ ሽታ ከጠፋብህ እኮ ቆይቶ ነበር። ከዚያ እጅህ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እርምጃህ አጠረ። ደቦ ስትመራ ከወንዝ ማዶ ይሰማ የነበረው ድምፅህ ሹክሹክታ ሆነ። የሰጡህ ኪኒን ግን እንቅልፍህን ጸጥ አደረገው፤ ጠፍሩንም ጣልነው።

አሁን ያልነገርሁህን ልንገርህ። አንድ ጊዜ ኪኒኑ አልቆብን ሳትውጥ አደርህ። ሊነጋጋ ሲል፣ ቀን ጽዋ መያዝ ያቃተው እጅህ ማጭድ እንደያዘ ሰው ቀልጠፍ ብሎ ሄደ መጣ። መንቀጥቀጥ የሚባል የለበትም። ድምፅህም እንደ ጥንቱ ወጣ።

«እናኑ፣ ገብሱ ደርሷል፤ ሰዉን ጥሪው።»

ቀን ስሜን ለመጥራት ሦስቴ ትተነፍስ ነበር እኮ። ሕመሙ የወሰደብን የመሰለኝ ሁሉ ውስጥህ ቁጭ ብሏል። የት ተቀምጦ ኖሯል እያልሁ፣ ጸሎቱም ጠፍቶኝ እስኪነጋ አየሁህ። አንተ ስትነቃ ያየኸውን አላስታወስህም፤ ውሃ በሹክሹክታ ለመንኸኝ።

ኪኒኑ መጣ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ሁለት ማታ ሆን ብዬ ነፈግሁህ። በሁለተኛው ክርንህ የፊት ጥርሴን አወለቀው። በር መታኝ ብዬ ሰብለንም አንተንም ዋሸሁ። ልትወድቅ፣ ልትሰበርብኝ ትችል ነበር፤ ፈርቼ ከዚያ ወዲህ አንድም ማታ አላጓደልሁብህም።

ይህን ወረቀት የጀመርሁት ይቅር በለኝ ልልህ ነበር። ዋሸሁህና ለእሱ ይቅር በለኝ። ስለሰማሁህ ግን መጸጸት እምቢ አለኝ። ወደ መቃብር እስክከተልህ ድረስ አልረሳህም፤ ምላሴ በጥርሴ ክፍተት ባለፈ ቁጥር ስሜን በሙሉ ድምፅህ ስትጠራው እሰማለሁ።

እናኑ