የታምሩ ትኩሳት

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለማዕዶት፤

እንዴት ነሽልኝ? የጃፓን ዝናብ ከኛው ይብሳል ብለሽ ነበር፤ ጃንጥላ አትርሺ። እኔ ደህና ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ከማለቴ በቀር የራሴን ድምፅ ሳልሰማ የምውልበት ቀን አለ።

ስለ ምርምርሽ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰውነታችንን የሚጠብቁት ሕዋሳት በላያቸው ላይ ተቀባይ አላቸው፤ ያ ተቀባይ የፈንገስን ስኳር ሲለይ ጠላት ገባ ብሎ ሁሉን ያስነሣል፤ እሳቱም ዞሮ የገዛ ደም ሥራችንን ይፈጃል። ከፈንገስ የወጣ ስኳር የወጋችኋቸው አይጦች የልባቸው ደም ሥር ተቆጣ፤ ተቀባዩ የሌላቸው ግን ተረፉ። እንዲህ ያለው ሕመም ሕፃናትን ሲይዝ መነሻው ገና በውል እንደማይታወቅም ጽፈሻል። ከዚያ የሕፃናቱን ምልክት ዘረዘርሽ። እዚያ ስደርስ ማንበቡን አቆምኩ።

ወንድምሽን ታምሩን አስታወስኩ። እሱ አራት ዓመቱ፣ አንቺ ዘጠኝ ነበርሽ። ደጋ ላይ ነርስ ሆኜ ስሠራ ስምንት ቀን ሙሉ አተኮሰው። ዓይኑ ቀላ፣ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ ምላሱ በርበሬ መሰለ። ኩፍኝ ነው አልኩ። ትኩሳቱ ሲለቀው የጣቶቹ ጫፍ ተላጠ፤ እኔም ለእናትሽ «ድኗል» አልኳት። ከወር በኋላ ወተት ደፋና ጮኸችበት። ሮጦ ወጣ፣ ደጃፉ ላይ ወደቀ፣ አልተነሣም። «ልጄን በድንጋጤ ገደልኩት» እንዳለች ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት። ትታኝ ገረሴ ከተማ እህቷ ዘንድ የገባችውም በዚሁ ነው።

የማታውቂው ግን አለ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሥልጠና ላይ የዚሁ ሕመም ምልክት ብለው የተላጡ ጣቶች ፎቶ አሳዩን። የታምሩን ጣቶች ነበር የሚመስሉት። ኩፍኝ እንዳልነበረ አወቅሁ፤ ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር ገረሴ ሄድኩ። እናትሽ ሻሺቱ ደጅ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ሁሉንም ነገርኳት። እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ታዲያ የኔ ቁጣ አይደለም?»

«አይደለም። ማንም አልመረመረው፤ እኔ ግን አልጠራጠርም፤ የልቡ ደም ሥር ነው የተቆጣው። በሽታውን ያልለየሁት እኔ ነኝ።»

«መቼ አወቅህ?»

ነገርኳት።

«ያኔ አለማወቅህን እግዜር ይቅር ይበልህ። አሥራ አንዱን ዓመት ግን ምን አድርጌህ ነው?»

ወደ ውስጥ ገብታ ስሙን እየጠራች አለቀሰች፤ ከቀበርነው ወዲህ ስሙን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። የመመለሻዬ መኪና እስኪሞላ ውጭ ቆሜ ቆየሁ።

ደውዪላት። እህቷ እንዳለችኝ አሁን እንቅልፍ ይወስዳታል። ስለ እኔ ካላነሣች አንቺም አታንሺ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሜ ሄጄ ነበር። አላናገረችኝም። በሩን ግን አልዘጋችውም፤ እኔም ደጃፉ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጬ ተመለስኩ።

እመቤቴ ማርያም በሰው አገር ትጠብቅሽ፤ በእጅሽ ሥራ የሰው ልጅ ይትረፍ። ለመምጣት ብለሽ ሥራሽን እንዳታቋርጪ። ክፍልሽ ግን ተጠርጓል።

አባትሽ
ፈቃደ